ለፎቶ የተፈለጉት አዝማሪ

ይህ የደረሰው ካቻምና፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ጎንደር ውስጥ ብዙ ሰው እየሳቀ ሲያወራው ሰምቻለሁ። የሚያወሩት ግን ግማሹን ነው። ቀሪውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ ይኸው እጽፈዋለሁ።

ቀን ቀን በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል እሠራለሁ። ከሥራ ውጭ ደግሞ በአንድ የባህል ኦርኬስትራ ውስጥ ክራር እመታለሁ። አሥራ አንድ ነን። ያኔ ከአዲስ አበባ አንድ የጃዝ ቡድን መጣ፤ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም። ከእኛ ጋር አልበም ሊቀርጹ ነው ሲባል ደስታችን ልክ አልነበረውም።

እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ አንድ አዳራሽ ተከራይተው፣ ግድግዳውን በፍራሽ ሸፍነው ስቱዲዮ አደረጉት። የቡድኑ መሪ ፒያኒስቱ ነው። ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር የሚያደርግ፣ ሻርፑን ከጠዋት እስከ ማታ ከአንገቱ የማያወርድ ሰው። ገና ሰላም ሳይለን «ፒች የላችሁም» አለን። ድምፃችሁ ልክ አይደለም ማለቱ ነው። ይህን የሚለን ማን ነው? ፒያኖው በአይሱዙ ተጭኖ ሲንገጫገጭ መጥቶ፣ አንድ ምስኪን ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ሊቃኘው ሆዱ ውስጥ ገብቶ ሲፈታና ሲገጥም የዋለለት ሰውዬ! እኛ ግን አጎንብሰን እንደገና ቃኘን።

ማሲንቆ የሚመቱልን አያ ጥሩነህ ናቸው። የማክሰኝት ሰው፣ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ አዝማሪ። ክራር ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ እንኳ ተቀርጸው አያውቁም ነበርና አልበሙን ከሁላችንም በላይ የጠበቁት እሳቸው ነበሩ። «ልጆቼ ሙያዬን አልያዙትም። ድምፄ እንኳ ከአንድ ነገር ላይ ይቀመጥልኝ» ይሉ ነበር።

በቀረጻው ዕለት ጠዋት ቡድኑ ያመጣው ፎቶ አንሺ አያ ጥሩነህን ከግንቡ ሥር አቁሞ ሲያዞራቸው አረፈደ። ከሰዓት በኋላ ቀረጻው ተጀመረ። ሁላችንም ሄድፎን አድርገናል። አያ ጥሩነህ ከእኔ አጠገብ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠው መግቢያውን በማሲንቆ ጀመሩ። የፒያኖው ተራ ገና ነበር። ፒያኒስቱ ወደ ቤዝ ተጫዋቹ ዞር አለና፣ ፊቱ ያለው ማይክ ክፍት መሆኑን ረስቶ፣ «ሽማግሌው የሚፈለገው ለሽፋኑ ፎቶ ነው። ድምፁን በኋላ አውጥተን እንጥለዋለን» አለ። ቃሉ በሄድፎኑ የሁላችንም ጆሮ ገባ።

አዝማሪ ደንብ አለው። ሰው የሰጠውን ቃል ይቀበላል፤ ስድብም ቢሆን ቤት አስመትቶ ያዜመዋል። አያ ጥሩነህ ቀና እንኳ አላሉም። እጃቸው ሳይቆም ድምፃቸውን አወጡት፦

መልኬ ለፎቶ ነው፣ ድምፄ ለመጣያ፣
ግማሽ ሰው ሊሸምት ቆመ ከገበያ።

ተቀባዮቹ ተቀበሉ። ከበሮው ገባ፣ እኔም ገባሁ። የራሱ የፒያኒስቱ ድራም መቺና ቤዝ ተጫዋች እንኳ እየሳቁ ተከተሉን። ፒያኒስቱ ብቻ እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ቀረ። መነጽሩን ሲያወልቅ ያየሁት ያኔ ነው። ያን ያህል የተሸፈነው ዓይን እንደማንም ሰው ዓይን ነበር።

ሲያልቅ «እንደገና፣ ያለ ግጥሙ» አለ።

«ምነው ጌታዬ፣ የሰጡኝን ተቀበልሁ። ሌላ ካለዎት ደግሞ ይስጡኝ» አሉ አያ ጥሩነህ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጎንደር ውስጥ የሚወራው እዚህ ድረስ ያለው ነው።

ከወር በኋላ ፒያኒስቱ ደወለልኝ። ለካ ያ ዜማ ከተቀረጸው ሁሉ የበለጠው ኖሯል፤ ሊጥለው አልፈለገም። ፒያኖውን በላዩ ጨምሮበታል። እያንዳንዳችን በየራሳችን ማይክ ስለተቀረጽን የአያ ጥሩነህንና የተቀባዮቹን ድምፅ ዘግቷል። ነገር ግን አያ ጥሩነህ አጠገቤ ስለነበሩ ድምፃቸው በእኔ ማይክ ገብቷል፤ ከክራሩ ለይቶ ማውጣት አልቻለም። «አዲስ አበባ ነይና ክራሩን ብቻሽን ድገሚልኝ። ስምሽ ሽፋኑ ላይ ይወጣል» አለኝ።

ምን እንደሚጠይቀኝ በደንብ ገብቶኛል። ስሜንም ማየት ፈለግሁ። ለመሥሪያ ቤቴ አክስቴ ታማብኛለች ብዬ ፈቃድ ወሰድሁ። አክስት የለኝም።

ስቱዲዮው ውስጥ የድምፅ ባለሙያው መጀመሪያ የድሮውን አሰማኝ። ከክራሬ ኋላ አያ ጥሩነህ ነበሩ፤ ራቅ ብለው፣ ግን ቃል በቃል ይሰማሉ። ከዚያ ያን ዘጋልኝና የከበሮውን ምት ብቻ እየሰማሁ መታሁ። በሁለተኛው ሙከራ ተሳካ። ፒያኒስቱ አጨበጨበልኝና «አሁን ፒች አለሽ» አለኝ። እኔም አመሰገንሁት። ያን የመሰለ ሰው አመሰገንሁት!

አልበሙ ወጣ። ከፊት የአያ ጥሩነህ ፎቶ ነው፣ ማሲንቋቸውን ይዘው። ከኋላ የእኔ ስም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ካርድ ክፍሉ መስኮት ጋ ድንገት ብቅ አሉ። ታመው መስሎኝ ካርዳቸውን ልፈልግ ስነሣ ስልካቸውን አወጡ። የልጅ ልጃቸው አልበሙን ጭኖላቸዋል። የቆረጡት ሰዎቹ ናቸው፣ እኔ ምንም አላውቅም ልላቸው አፌን አዘጋጀሁ።

«ሰማሁት፣ ልጄ። ሸጋ ነው» አሉ። «ይህን ግን ብቻሽን ነው የመታሽው። ከእኔ ጋር ስትመቺ ትጠብቂኝ ነበር።»

ያዘጋጀሁት ውሸት አፌ ውስጥ ቀረ። ከኋላቸው ሰልፍ ነበርና ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ለቀው ሄዱ።

ፒያኒስቱን ዛሬም እንቀዋለሁ። ሬዲዮ ላይ ስሙን ሲጠሩት ጣቢያ እቀይራለሁ። ሰውዬው ግን የአያ ጥሩነህን ድምፅ ከዜማው አወጣለሁ አለ እንጂ አልሆነለትም። ያወጣሁት እኔ ነኝ።