ጠራዧ ታቅፋው የምትወጣው ቦርሳ

በዚያ ቤት ሁለተኛ የቆሻሻ ቅርጫት ማስቀመጥ ክልክል ነበር። ሕጉን ያወጡት የመጽሐፍ ጠራዧ አማት፣ የባሏ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ መሪ የለመደ እጃቸውን ከቤቱ ጀርባ ጎመንና ቲማቲም በሚያበቅሉባት ቁራሽ መሬት ላይ ያሳረፉ ሰው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ፍሬን ይላቸዋል፤ በሥራ ዘመናቸው ዶሮ ከሩቅ ካዩ ገና ከዚያው ጀምረው ፍሬን ይይዙ ነበርና።

ከቤቱ የሚወጣ ነገር ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አሮጌ ሸራ ግቢው ውስጥ ያነጥፋሉ፣ የወጥ ቤቱን ባልዲ ይገለብጡበታል፣ ጓንታቸውን አጥልቀው በርጩማ ላይ ይቀመጡና ይለያሉ። ልጣጩ ለጎመኑ ብስባሽ ይሆናል፤ ወረቀቱ፣ ጠርሙሱ፣ ፕላስቲኩ ለየብቻ ይቀመጣል። ከዚህ ሁሉ የሚተርፈውን «ግትሩ» ይሉታል፤ ምንም ብታደርገው አፈር አልሆንም ያለ ማለታቸው ነው። የቆሻሻ መኪናው ሲመጣ የጎረቤቱ ከረጢት ሁሉ ሆዱ ተነፍቶ በየደጃፉ ሲቆም የእሳቸው የግትር ከረጢት ግን ከጡጫ አትበልጥም። እሷን ይዘው ሲወጡ አረማመዳቸው ራሱ ይለወጣል።

የቤቱ ውሎም ሸራው ላይ እንደ ጋዜጣ ይነበብላቸዋል። ይሄን ሳሙና በግማሹ የጣለ ማነው ይላሉ። ትንሹ ልጄ ዛሬም ዳቦውን ሳይጨርስ ወጣ ይላሉ። ከእሳቸው ጓንት የሚያመልጥ ምስጢር የለም።

መጽሐፍ ጠራዧ በምራትነት የገባችው ወደዚህ ቤት ነው። የአማቷ ሚስት ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ነበር ያረፉት፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ የወንድ ቤት ነው። አባትየው አሉ፤ ባሏ ኤሌክትሪሺያኑ አለ፤ ታናሽ ወንድሙ ፀጉር አስተካካዩም አለ። ጠራዧ ቤቱን ገና በገባች በሳምንቱ ወደደችው። ሦስት ትልልቅ ወንዶች አንዲት ቲማቲም ቀላች አልቀላችም ብለው በጉልበታቸው ተንበርክከው ሲሟገቱ ከመስኮት ስታይ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩ ይገርማት ነበር። ሲስቁ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ፀጉር አስተካካዩ «ሙሽሪት» እያለ ይጠራታል። አማቷ ደግሞ «ልጄ» ሲሏት ቃሉን ረገጥ አድርገው ነው፤ ሴት ልጅ ኖሯቸው አያውቅማ።

ይህን ደስታ የምትሸርፍባት አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ እሷም በየወሩ ትመጣለች።

መጀመሪያ የመጣችባት ቀን፣ ጠራዧ ያገለገለውን ሞዴስ በወረቀት ጠቅልላ መታጠቢያ ቤቱ መሃል ቆመች። ዓይኗ ከጥግ ጥግ ዞረ። ባዶ ነው። ሽንት ቤቱ ውስጥ እንዳትጥለው ሞዴስ ውኃ ሲጠጣ ማበጡን ታውቃለች፤ የዚህ ቤት ቱቦ ደግሞ ወረቀት ሲበዛበት እንኳ የሚያኮርፍ አሮጌ ነው። እናቷ ቤት ከእህቶቿ ጋር ስታድግ ጥጉ ላይ ክዳን ያለው ጣሳ ነበር። ጠቅልሎ መጨመር፣ ሲሞላ አስሮ ማውጣት፣ እጅ መታጠብ፤ አለቀ። ጥርስ እንደ መፋቅ ያለ፣ ማንም የማያወራው፣ ማንም የማይጨነቅበት ነገር። እዚህ ግን ያለው የወጥ ቤቱ ባልዲ ብቻ ነው፤ ባልዲውን ደግሞ ሸራው ይጠብቀዋል። አማቷ ጥቅሏን በጓንት አንስተው፣ ወደ ብርሃን አዙረው፣ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ሲሉ በዓይነ ሕሊናዋ ታዩአት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ለባሏ ልትነግረው ትነሳና ቃሉ ምላሷ ላይ ሲደርስ ይተንባታል። እሱ ለአባቱ መንገሩ አይቀርም፤ አባቱ ደግሞ የቤት ጉዳይ የሚያነሱት እራት ላይ፣ ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። ስለዚህ ዝም አለችና ሙያዋን ጠራች። ማተሚያ ቤት ስለምትውል ወረቀት ማጠፍ ከመተንፈስ ይቀላታል። ከቁርጥራጩ ክምር የተጣለ ወረቀት እያመጣች፣ ሙጫ ሳትነካ፣ ጠርዙን በጠርዙ ውስጥ ሸጉጣ የምትዘጋው ድርብ እጥፍ አበጀች። ቢያገላብጡት የማይፈታ፣ ልቅም ያለ ጥቅል። ጥቅሎቹን በከረጢት አስራ ቁም ሳጥኑ ሥር ትደብቃለች፤ ጠዋት በጨርቅ ቦርሳዋ ይዛ ትወጣና ሥራ ቦታዋ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ክዳን ባለው ቅርጫት ትጥላለች።

ይህን የምታውቅ አንዲት ሰው ነበረች፤ አብራት የምትጠርዘው፣ ወሬ ይዛ ከተቀመጠች ስለማትላቀቅ «እትዬ ሙጫ» የሚሏት ትልቅ ሴት። ሰው ምሳውን ከቤቱ ወደ ሥራ ይወስዳል እንጂ ቆሻሻውን ይወስዳል ወይ ብላ ስቃባታለች። ከዚያ ግን ሳቋን ገታ አድርጋ፣ በገዛ ቤትሽ እንግዳ ሆነሽ ልትቀሪ ነው አለቻት። ይህ ንግግር ጠራዧ ሆድ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እውነት ነው፤ ቤቱን እየወደደችው፣ በየወሩ ለጥቂት ቀን ከዚያው ቤት የምትሸሸግ እንግዳ ትሆናለች።

ወራት ሲያልፉ ቤቱ ውስጥ ግራ የሚያጋባ ደግነት ተጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤቱን ቀድማ እንድትገባ ይለቅላት ጀመር፤ እሱ መስታወት ፊት ከቆመ ማንም የማያነሳው ሰው። ሲጢጥ ሲል የኖረው የእሷና የባሏ መኝታ ቤት በር ዘይት ተቀብቶ በአንድ ቀን ጸጥ አለ። አማቷ ከጎመኑ መሃል ለጋውን ቀጥፈው ከእሷ ሳህን አጠገብ ያስቀምጣሉ። ባሏ በየሰበቡ፣ የጎደለሽ ነገር አለ ወይ ይላታል። የለም ስትለው ፊቱ ይብስ ይጨልማል። ታምሜ ይሆን፣ ሐኪም ለእነሱ ብቻ ነግሯቸው ይሆን ብላ በመስታወት ምላሷን አውጥታ እስከ ማየት ደረሰች።

አንድ ጊዜ ማተሚያ ቤቱ ረዘም ላለ ዕረፍት ተዘጋ፤ ወሯም ከዕረፍቱ ጋር ገጠመ። ከረጢቷ ቁም ሳጥኑ ሥር ወፈረች። ሥራ በተከፈተ ጠዋት ጠራዧ የተነፋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ልትወጣ ስትል፣ አማቷን ኮታቸውን ለብሰው የግቢው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልጄ፣ ዕቃሽን ቀስ በቀስ እያወጣሽ እንደሆነ አውቃለሁ» አሉ።

ጠራዧ አልገባትም። እሳቸው ግን ለረዥም ጊዜ የያዙት ነገር ነበርና ቀጠሉ። አውቶቡስ ሲነዱ ተሳፋሪን በመስታወት ማየት ልማዳቸው ነበር፤ ሊመለስ የሚሄድ ሰው ቦርሳውን እግሩ ሥር ይጥላል፤ ላይመለስ የሚሄድ ደግሞ ደረቱ ላይ ያቅፋል። ሲያዩት የኖሩት ይህን ነው። እሷ በየወሩ አንድ ሰሞን ቦርሳዋን ሞልታ፣ ታቅፋ ትወጣለች፤ ማታ ባዶውን ይዛ ትገባለች። ልጆቻቸውን ሰብስበው ነግረዋቸዋል። ሁሉም የቻለውን ሞክሯል።

«ካልሆነ ግን» አሉ፣ «ከእኔ ቤት ተደብቀሽ አትወጪም። ቀና ብለሽ ነው የምትሄጂው፤ እኔ ራሴ እሸኝሻለሁ። አምጪው፣ ልያዝልሽ።» ይህን ብለው ቦርሳዋን ያዙ።

ጠራዧ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበችው። እሳቸውም በአክብሮት ሳቡት። እኔ እይዘዋለሁ አባባ አለች፤ ኧረ በፍጹም አሉ። ለሽኝት ያመጡት ክብር ከአዛውንት ጉልበት ጋር ተባብሮ ቦርሳው መሃል ቤት ተወጠረ። ስፌቱ ሲንጣጣ ስትሰማ ጠራዧ ፊት ለፊቷ ሁለት ነገር ብቻ ታያት፦ ወይ ቃሉ ይውጣ፣ ወይ ጥቅሎቹ ግቢው ላይ ይበተኑ።

«አባባ፣ ልብስ አይደለም» አለች። «የወር አበባ ሞዴስ ነው። የምጥልበት አጥቼ ነው ሥራ ቦታ የምወስደው።»

እጃቸው ላላ። ጠራዧ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ጋሼ ፍሬን ቀስ ብለው በሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ፤ ኮታቸውን ፈቱ፤ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«እና… አትሄጂም?»

«የት እሄዳለሁ?»

ከዚያ የመጣው ሳቅ ከየት እንደተነሳ እሳቸውም አላወቁት። ጉልበታቸውን እየደበደቡ ሳቁ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ ሳቁ ሊቆም ሲል ቦርሳውን ያዩና እንደገና ይጀምራቸዋል። ጠራዧ መጀመሪያ ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፣ ቀጥሎ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ አጠገባቸው ደፉ ላይ ተቀምጣ አብራ ሳቀች። ለወራት ተራራ ያከለባት ቃል ከአፏ ወጥቶ እንደ ማንኛውም ቃል በጠዋቱ አየር ውስጥ መጥፋቱ አስደነቃት። ሰማዩም አልወደቀም። ጎመኑም እንደቆመ ነው።

ሲረጋጉ አማቷ መሬቱን አዩ። የልጆቼ እናት የት ትጥለው እንደነበር እኔ አላውቅም አሉ በዝግታ፤ ይህን ያህል ዘመን አብሬያት ኖሬ፣ ያኔ ሁልጊዜ ከአውቶቡሴ ጋር መንገድ ላይ ነበርኩ፣ ጠይቄያት አላውቅም። ከዚያ ቀና ብለው፣ እንዴት ቢሆን እንደሚሻል ንገሪኝ አሏት።

በዚያ ምሽት እራት ላይ አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጠራዧ ልትነሳ ስትል በእጃቸው ምልክት አስቀመጧት፤ ይህን የምታስረዳን አንቺ ነሽ አሏት። እሷም አስረዳች። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ክዳን ያለው ትንሽ ቅርጫት፣ ቅርጫቱ ውስጥ ከረጢት። ሞዴሱ በወረቀት ይጠቀለላል፤ የቆሻሻ መኪናው ላይ የሚሠሩትም ሰዎች ናቸውና እጃቸው ላይ እንዳይገለጥ። ሽንት ቤት አይጣልም። ግቢ ውስጥ አይቃጠልም፤ ጭሱ መርዝ ነው። ሽታ ሳይፈጥር ከረጢቱ ቶሎ ቶሎ ይታሰርና ይወጣል፤ ከታሰረ በኋላ ማንም አይፈታውም።

አማቷ የምር አስበው፣ ለጎመኑስ አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁ።

«ውስጡ ፕላስቲክ አለው አባባ።»

«ግትር ነዋ።»

«ግትር ነው» አለች ጠራዧ፤ ባሏ ውኃው ትን አለው።

ከዚያ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ራሱን እየነካካ፣ ሸራ ላይ የማይፈታ ነገር ከተፈቀደ እኔም የምናዘዘው አለኝ አለ። የሲጋራ ቁራጩን ለካ በወረቀት ጠቅልሎ ፀጉር ቤቱ ድረስ ይወስድ ኖሯል። ባሏም አልቀረለትም፤ አባቱ ለራት የሚሠሩትን ሾርባ አልጨርስ ሲል በላስቲክ ቋጥሮ በሥራ ሣጥኑ፣ ከሽቦውና ከፒንሳው ጋር ሲያወጣ ከርሟል። አባትየው ከአንዱ ወደ አንዱ አዩ።

«እንግዲህ የእኔ ከረጢት የምታንሰው» አሉ፣ «ቤቱ በሙሉ ኮንትሮባንድ ስለሚነግድ ነው?»

ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ተንጫጩ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ሁላችንንም ነፃ ያወጣችን ሙሽሪት ናት ብሎ ተነስቶ እጅ ነሳ። አማቷ ሲጋራውን በተመለከተ ለብቻቸው የሚነጋገሩበት ጊዜ እንዳለ አስታወሱት።

ቅርጫቱን ባሏ በማግስቱ ገዝቶ መጣ፤ ነጭ፣ ክዳኑ በእግር ሲረገጥ የሚከፈት። አማቷ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመው በእግራቸው ደጋግመው ሞከሩትና ፍሬኑ ይሠራል ብለው አጸደቁት። ጠራዧ ከማተሚያ ቤቱ ቁርጥራጭ የታጠፈ ወረቀት ደርድራ ከጎኑ አስቀመጠች። እትዬ ሙጫ ነገሩን ስትሰማ ሥራዋን አቁማ ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ፣ ይህን ለእኔ ባል እንዴት አድርጌ ልንገረው ብላ በሐሳብ ጭልጥ አለች።

በሚቀጥለው ወር ነገሯ የመጣችባት በዕረፍት ቀን ነበር። ጠራዧ መታጠቢያ ቤት ገባች። ወረቀቱን አጠፈች፣ ጠርዙን ሸጎጠች፣ ክዳኑን ረገጠች። እጇን ታጥባ፣ ፊቷንም ታጥባ ወጣች። ሳሎን ውስጥ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። አማቷና ፀጉር አስተካካዩ ቲማቲሙ ወደ አጥሩ ዛሬ ይዛወር ወይስ ነገ እያሉ ተፋጥጠዋል፤ ባሏ የሁለቱንም ወገን እየደገፈ ሁለቱንም አናዷል። ጠራዧ ሆዷን በእጇ ደገፍ አድርጋ ሰማቻቸው። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ክርክር በመስኮት እያየች ፈገግ ትል ነበር እንጂ ገብታበት አታውቅም።

«ሦስታችሁም ተሳስታችኋል» አለች፤ ሶፋው ላይ በረዥሙ ተዘረጋችና እግሯን ባሏ ጭን ላይ ጣለች። «አጥሩ ጋ ጥላ ነው። ቲማቲም ጥላ ውስጥ ማን ተክሎ ያውቃል?»

አማቷ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። ከዚያ ዞር ብለው ወንበራቸውን ወደ ሶፋው ሳቡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ከእሷ ጋር ሙግቱን እንደ አዲስ ጀመሩ።