የጌጃ ሰፈሩ ሰንጢ ሠሪ የጠራው ዋጋ

ንጋት፣ ሆለታ

ገና ጎሕ ሳይቀድ ከቤቴ ወጥቼ ካሚዮኑ ወደሚቆምበት ባሕር ዛፍ ሥር ደረስኩ። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ የአዲስ አበባው መንገድ ስለሰፋ እኛም ከበቅሎ ወርደን ጭነት ላይ መንጠላጠል ለምደናል። ሾፌሩ እስከ ጆሮው በሻርፕ የተጠቀለለ ወፍራም ጣሊያናዊ ነው። ረዳቱ የኛው ሰው ነው፤ ጠገራ ብር ሲሰጡት ፈገግ ይላል፣ ሊሬ ሲሰጡት ፊቱን ያጨማድዳል።

እኔ ኮርቻ ሰፊ ነኝ፤ ስሜ ግዛው ይባላል። መንገድ የጀመርኩት ለሥራዬ ነው። ቆዳ የምቆርጥበት ሰንጢ አፉ ተበልቶ ስላለቀ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ካሉት ከጋሽ ደሳለኝ ዘንድ አዲስ ላሠራ ነው የምሄደው። አሮጌውን ለልክ እንዲሆን ብዬ በያዝኩት የኮርቻ መደላድል ውስጥ ወሽቄዋለሁ። ስለት ይዞ መገኘት ክልክል ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ለጎራዴና ለጦር እንጂ ለሰንጢ ግን አልመሰለኝም።

ማለዳ፣ መናገሻ

መናገሻ ላይ አንድ ቀጭን ጎልማሳ የማር ማሰሮ ታቅፎ ወጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ቶላ እባላለሁ አለኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በመንገዱ ዳርና ዳር ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች ከአሁኑ ተሰልፈዋል፤ አቧራው ቅንድባቸውን አንጥቶታል። ቶላ ከጉያው ዳቦ አወጣ፤ ከኪሱ ደግሞ የቀንድ እጀታ ያላት ሰንጢ መዘዘና ቀጭ አድርጎ ከፈታት። ግማሹን ለኔ ቆረሰልኝ። ስለቷ ሥር የወፍ እግር የመሰለች ምልክት አየሁ።

"የጋሽ ደሳለኝ እጅ አይደለችም እንዴ?" አልኩት።

"አንተም ታውቃቸዋለህ?" ብሎ ሳቀ። "ይህቺ እኮ ከጋብቻዬ በፊት ጀምሮ አብራኝ አለች። ጫልቱ 'መጀመሪያ ያገባኸው እሷን ነው' ትለኛለች።"

ጫልቱ ሚስቱ ናት። እስከ ገፈርሳ ድረስ ስለ እሷና ስለ ንቦቹ ሲያወራኝ ሄድን።

ረፋድ፣ ገፈርሳ ኬላ

ድንኳን፣ የሽቦ አጥር፣ ባንዲራ፣ በሰልፍ የቆሙ አስካሪ የሚባሉ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች። ሁላችንንም አወረዱን። አንዱ አስካሪ መደላድሌን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገውና ገፋ አድርጎኝ አለፈ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። የቶላን ኪስ ሲዳብሱ ግን ሰንጢዋ ወጣች።

አንድ መላጣ ጣሊያናዊ መኮንን ተቀበላት። ከፈታት፣ አጠፋት፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ደግሞ ከፈታት። አስተርጓሚው ቶላን "ማነው የሠራት?" አለው። ቶላ ዝም አለ። በጥፊ መታው። ቶላ አሁንም ዝም አለ። በሰደፍ ጉልበቱን ሲሉት ወደቀና፣ "ጌጃ ሰፈር ነው የገዛኋት! ዳቦ መቁረጫዬ ናት!" ብሎ ጮኸ።

እየጎተቱ ከድንኳኑ ኋላ ወሰዱት። የማር ማሰሮው ካሚዮኑ ላይ ቀረ። ይኸው ነው፤ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልቆየም። አሁን ከእኔ ጋር እንጀራ እንደተካፈለ ወንድም ዳቦ ሲቆርስ የነበረ ሰው የለም። ሾፌሩ ሲጋራውን ለኮሰ።

የቶላ አገር ሰው የሆኑ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። "እዚያ ድንኳን የገባ አይመለስም። ለሚስቱ ማን ይነግራታል? እኔው ልመለስ እንጂ" አሉና ማሰሮውን ይዘው በመጣንበት መንገድ በእግራቸው ሄዱ።

እኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው "ጌጃ ሰፈር" የሚለው ቃል ነው። ዛሬ ካልሆነም ነገ ወደ ጋሽ ደሳለኝ ይመጣሉ።

ቀትር፣ ጌጃ ሰፈር

ከካሚዮኑ ወርጄ በአብነት በኩል እሮጣለሁ። ሰው እንዳይጠረጥረኝ እርምጃዬን ቀንሼ እራመዳለሁ፤ ደግሞ ሳላውቀው እሮጣለሁ። ጭቃ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ በር ላይ የተሰጣ በርበሬ። ከልደታ ሜዳ የተነሣ አይሮፕላን ጣራ ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጎትታሉ።

የጋሽ ደሳለኝ ቤት ጠባብ ናት፤ ግማሿ መኝታ፣ ግማሿ ምድጃና ወናፍ። ሥራው የተጀመረው በአባታቸው ነው። አባትየው ማጭድና ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ። ጋሽ ደሳለኝ ግን አንድ ቀን አንድ አርመን ወርቅ ሠሪ የተሰበረች የውጭ አገር ሰንጢ ጠግንልኝ ብሎ ሲሰጣቸው ፈታተው አዩዋት፤ ከዚያ ወዲህ ማጭድ አልነኩም። የመጀመሪያዎቹ ሰንጢዎቻቸው ኪስ ውስጥ በገዛ እጃቸው እየተከፈቱ የያዛቸውን ሰው ጭን ይቆርጡ ነበር አሉ። ኋላ ላይ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ አቅጥነው ጀርባዋ ላይ ሲገጥሙላት ጸጥ አለች። ሦስት ዓይነት ይሠራሉ፦ ለጥፍርና ለክር የምትሆን ትንሽ፣ ለቆዳ ሠራተኛና ለመንገደኛ መካከለኛ፣ ለቅርጫ ሥጋ ትልቅ። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው፤ ቀንድ ሲጠፋ ወይራ። "ቀጥቃጭ ቡዳ ነው" ብሎ ከቤታቸው እህል የማይቀምስ ሁሉ ሰንጢያቸውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይውላል።

"ጋሽ ደሳለኝ፣ ይሽሹ!" አልኳቸው ገና ከበር።

"ተቀመጥ፣ መጀመሪያ ትንፋሽህን ሰብስብ። ማን ሞተ?"

"ቶላ የሚባል የመናገሻ ማር ነጋዴ ተይዟል። የእርስዎ ሰንጢ ተገኘበት። ሰፈሩን ተናግሯል።"

"ምን ሠራባት?"

"ዳቦ ቆረሰባት።"

መዶሻቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ወዲያው ጋቢ ማጠፍ ጀመሩ። "ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ወንድሜ ቤት እንሂድ። ነገሩ ሲበርድ እንመለሳለን።"

"እኔን ሲያጡ ንዴታቸውን በማን ይወጡታል? በእጃቸው ያለው እሱ ነው።"

"ለማታውቀው ሰው ነው የምትሞተው?"

"እኔ አላውቀውም። እሱ ግን ዕቃዬን አምኖ ተሸክሟታል" አሉ ጋሽ ደሳለኝ። ጋቢውን ከእትዬ አስካለ እጅ ወስደው መልሰው አልጋው ላይ አነጠፉት።

በማግስቱ፣ እዚያው

መኮንኑ ራሱ መጣ። የመኪናው ጡሩምባ ሲሰማ ሰፈሩ በሩን ዘጋ። እኔ ከወናፉ አጠገብ ቆሜያለሁ። ገመድ ወይም ጥይት ነበር የጠበቅሁት።

መኮንኑ ግን የቶላን ሰንጢ ከኪሱ አውጥቶ ብርሃን ላይ አገላበጣት፤ "ቤሎ! ቤሎ!" አለ፤ ውብ ናት ማለቱ ነው። ድንጋጤዬ ያኔ ባሰ። አስተርጓሚው እንዲህ ሲል ገለጸ፦ "ጌታው ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። ለወዳጆቹ የሚሰጣቸው እንደዚህች ያሉ ሰንጢዎች ይፈልጋል። የወፍ እግሯ ምልክት እንዳትቀር። ዋጋህን ጥራ።"

ትናንት አንድን ሰው በሰደፍ ያስመታች ሰንጢ ዛሬ ስጦታ ሆነች!

ጋሽ ደሳለኝ ብዙ አላሰቡም። "ዋጋዬ ሰውየው ነው በለው።"

"የቱ ሰውዬ?"

"ይህቺን የቀማችሁት ሰው። ቶላ።"

አስተርጓሚው ፊቱ አመድ መሰለ። "ይህንን አልተረጉምም። አብደሃል?"

"ተርጉምለት።"

ተረጎመለት። መኮንኑ ሳቀ፤ ብቻውን መሳቁን ሲያይ አቆመ። "ሥራውን ጨርስ" ብሎ ቀን ቀጥሮ ወጣ። እሺም እንቢም አላለም።

ሳምንቱ፣ ልደታ

ወደ ሆለታ መመለስ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን እንቢ አለኝ። ወናፍ እየነፋሁላቸው ሰነበትኩ። ቀንድ በፍም እየተለበለበ ሲተጣጠፍ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ጎረቤት በር ላይ እየቆመ ያያል። አንዲት ጠላ ሻጭ ጋሽ ደሳለኝ እየሰሙ፣ "ለጣሊያን ሰንጢ! እንኳን ደስ ያለህ ባንዳው!" ብላ ተፋች። ጋሽ ደሳለኝ ቀና አላሉም። እትዬ አስካለ ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ ሴቶቹ ቦታ እየለቀቁ ይሸሿቸው ጀመር።

መኮንኑ በቀጠረው ቀን መጣ። ጋሽ ደሳለኝ ጨርቅ ዘረጉለት። ስለቶቹ በአንድ ረድፍ፣ እጀታዎቹ በሌላ ረድፍ ተደርድረዋል። ስለቱ እንደ ዓሣ ሆድ ያበራል። የተገጣጠመች ግን አንዲት እንኳ አልነበረችም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ አስተርጓሚው።

"ሰንጢ ነው። መያዣው ምስማር ብቻ ነው የቀረው። ሰውየውን ሳየው እመታዋለሁ።"

መኮንኑ ሽጉጡን መዘዘና አፈሙዙን የጋሽ ደሳለኝ ጆሮ ግንድ ላይ ደገነው። እትዬ አስካለ "ልደታ!" ብለው ጮኹ። እኔ ጮኼ እንደሆነ አላውቅም።

"ከገደለኝ የሚገጥመው የለም በለው" አሉ ጋሽ ደሳለኝ። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነበር።

መኮንኑ ስለቶቹን አየ። ጋሽ ደሳለኝን አየ። እንደገና ስለቶቹን አየ። ከዚያ ሽጉጡን ወደ ማኅደሩ መልሶ ወጣ። ምሳ አልተበላም።

ወደ አመሻሹ ላይ መኪናዋ ተመለሰች። አንድ ሰው ከኋላዋ ገፍትረው ጣሉ። ቶላ ነው ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ። አንድ ዓይኑ ተዘግቷል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ እግሩ ባዶ ነው። ጋሽ ደሳለኝ ጎንበስ ብለው፣ "ቶላ አንተ ነህ?" አሉት። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ጋሽ ደሳለኝ ገብተው ምስማሮቹን አንድ በአንድ መቱ። መኮንኑ እያንዳንዷን እንደ ሕፃን እየከፈተና እያጠፈ ወደ ሣጥኑ ከተታት።

መንገድ ላይ ቆመው ያዩ ጎረቤቶች ነበሩ። ይቅርታ ሲል የሰማሁት ግን የለም።

መልስ፣ መናገሻ

ቶላ ከጋሽ ደሳለኝ ቤት ሁለት ሌሊት አደረ። ከዚያ በካሚዮን አብረን ተመለስን። ገፈርሳ ላይ ሲፈትሹን ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ኬላውን ካለፍን በኋላ ነው የተናገረው።

"ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ነበርን። አንዱ መቀስ፣ አንዱ ሰው እየላጨ የሚተዳደርበት ምላጭ ነው የተገኘበት። ጠዋት ጠዋት ስም ይጠራሉ፤ የተጠራ አይመለስም። የኔን ስም ሲጠሩ ከጎኔ የተኛው ልጅ ጫማዬን ለምኖኝ ሰጠሁት።"

ባዶ እግሩን አየሁ።

ብቻውን መራመድ ስላልቻለ መናገሻ ላይ አብሬው ወረድኩ። ክንዱን ይዤ በጠባቡ መንገድ ስንወጣ ከሩቅ የሰው ድምፅ ሰማን። ቶላ ቆም አለ። "ማን ሞተ ደግሞ?" አለኝ። ፍጥነቱን ጨመረ። የግቢው አጥር ሲታይ ድንኳን ተተክሏል፤ ሰው ተሰብስቧል። መካከሉ ላይ አንድ ጋቢና ያ የማር ማሰሮ ተቀምጠዋል። አልቃሿ የምትጠራው ስም የእሱ ነው።

በመጀመሪያ ያዩን እኒያ ካሚዮኑ ላይ የነበሩት አሮጊት ናቸው። ብድግ አሉና መልሰው ዘፍ አሉ። አንዳንዱ አማተበ፣ አንዳንዱ ሸሸ። ለቅሶው በአንድ ጊዜ ተቆረጠ፤ ከጓሮ የንቦቹ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

ከሴቶቹ መካከል ፊቷን የቧጠጠች፣ ጸጉሯን ሙልጭ አድርጋ የተላጨች አንዲት ወጣት ተነሣች። ቶላ "ጫልቱ" አላት። አልሮጠችም፣ አልጮኸችም። ቆማ አየችው፣ አየችው፤ ከዚያ ሁለት እጆቿን አንስታ የተላጨ ራሷን ሸፈነችበት።