ደም ሰጪ የታጣበት ቀን

ባለቤቴ የዳሌዋ መገጣጠሚያ ተበልቶ፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ቤታችን የሚያስገባውን አጭር ዳገት እንኳ ሳታርፍ መውጣት አቅቷት ነበር። በቀዶ ሕክምና ይቀየር ተባለ። ሐኪሙ ቀጠሮ ሲሰጠን፣ «ደም የሚለግሱ ሰዎች ይዛችሁ ኑ» አለን።

«በሰው አያስቡ ዶክተር፣ እኛ ቤት ሰው ሞልቷል» አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

እውነቴን ነበር። አስኮ ያደግንበት ግቢ ለበዓል ስንሰበሰብ መቀመጫ ከጎረቤት እንዋሳለን። ለወንድሞቼም ለአጎቶቼ ልጆችም ደወልኩ። ሁሉም፣ «እንዴ! ይሄም ይጠየቃል?» አሉኝ።

በቀጠሮው ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የተገኘነው እኔና ከጎጃም የመጡት የባለቤቴ አባት ብቻ ነበርን። እኔ ለስኳር ኢንሱሊን ስለምወጋ አትሰጥም ተብያለሁ። ታላቅ ወንድሜ፣ «ስብሰባ ገብቻለሁ» ብሎ ዘጋብኝ። ታናሼ ስልኩን አያነሳም። ከቀሩትም አንዱ መኪናው ተበላሽቶበታል፣ ሌላው መርፌ ይፈራል።

አማቼ አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ ገባቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው የሸሚዛቸውን እጅጌ ይጠቀልሉ ጀመር።

«የኔን ውሰጂ፣ ልጄ» አሏት ነርሷን።

«አባባ፣ ዕድሜዎ አይፈቅድም።»

እጅጌያቸውን ሲመልሱ ቁልፉ አልገባ አላቸው። ጎንበስ ብዬ ቆለፍኩላቸው፤ ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት ግን አልቻልኩም።

ከዚያ ሰመመን የምትሰጠው ዶክተር መጣች። «ለጋሾቹስ?»

«መንገድ ላይ ናቸው» አልኳት፣ አማቼ አጠገቤ ሆነው እየሰሙ።

ዶክተሯ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየችና አግዳሚው ላይ አብራን ተቀመጠች። «ከደም ባንክ የመጣ ጥቂት አለን፤ ብዙ ከፈሰሳት ግን አይበቃም። ባለቤትዎ ልቧም ኩላሊቷም ጤነኛ ስለሆነ፣ ካስተኛኋት በኋላ የደም ግፊቷን ሆን ብዬ ዝቅ አደርገዋለሁ። ግፊቱ ሲቀንስ ከቁስሉ የሚፈሰው ደምም ይቀንሳል።»

አማቼ ደነገጡ። «ግፊት ሲወርድ ሰው ይጥል የለም እንዴ?»

«በድንገት ሲወርድ ነው አባባ። እኔ ከራስጌዋ አልነሳም። ለአእምሮዋና ለልቧ የሚበቃውን እተውላታለሁ፤ ሐኪሙ ሲጨርስ ቀስ አድርጌ እመልሰዋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መንገድ ላይ ያሉት ሲደርሱ ላኩልኝ።»

ጆሮዬ ጋለ።

ስንጠብቅ አማቼ ስለ ወንድሞቼ ቃል አልተነፈሱም። ይልቅ እኩለ ቀን ሲሆን፣ «ሂድና እህል ቅመስ፤ መድኃኒት የሚወጋ ሰው አይራብም» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዶክተሯ ኮፍያዋን እያወለቀች ወጣች። «በደህና ወጥታለች፤ ነቅታለችም። ከደም ባንክ የመጣውን ደም አልነካነውም።» አማቼ መሬት ሳሙ። እኔም ተመስገን አልኩ፤ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። የዳነችው ዶክተሯ አውቃበት እንጂ ሰው ስላላት አልነበረም።

እሑድ ወንድሞቼ ሙዝና ጭማቂ ይዘው ክፍሉን ሞሉት። ታላቄ አልጋው ጫፍ ላይ ተደላድሎ፣ «ደም ቢያስፈልግ እኮ አንድ ስልክ ይበቃን ነበር!» አለ። ዓይኔን ወለሉ ላይ ተከልኩ። አማቼ፣ «ዋናው መምጣታችሁ ነው፤ ኑሩልን» ብለው መረቁና እስከ በሩ ሸኟቸው።

ብቻችንን ስንሆን ባለቤቴ፣ «ለምን ዝም አልካቸው?» አለችኝ።

«አባትሽ ፊት ተጣልቼ ሌላ ውርደት ልጨምር?»

«አባቴ እንደሆነ ሁሉንም አይቷል።»

«ማየታቸው ነው እኮ የገደለኝ።»

እጄን ያዘችኝ እንጂ አይዞህ አላለችኝም። አሁን ያንን ዳገት ያለ ምርኩዝ ትወጣለች። አማቼ ከጎጃም ሲደውሉ ሁልጊዜ፣ «ወንድሞችህስ ደህና ናቸው?» ይሉኛል፣ ከልባቸው። እኔም፣ «ደህና ናቸው አባባ» እላለሁና ስልኩን ቶሎ ለልጃቸው አቀብላለሁ።