መምህር ሳህሌና ሰባቱ አንዶች

መምህር ሳህሌ የበደሉኝ ቡታጅራ አሥረኛ ክፍል ሲያስተምሩኝ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ማረፋቸውን የሰማሁት ደግሞ ወልቂጤ፣ እኔ ራሴ ሒሳብ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ስልኩን ዘግቼ ማስተማሬን ቀጠልሁ። ይህን የምጽፈው እሳቸውን የምታውቁ ሁሉ ደግነታቸውን ብቻ ይዛችሁ እንዳትቀሩ ነው።

ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ሰባት አንዶች ደረደሩ፤ 1,111,111። «ይህ ፕራይም ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የለም። እስከ ሁለት መቶ ሞክሬዋለሁ» አሉ። ለማረጋገጥ ከሺህ በላይ መሄድ ነበረባቸው። እኔም ያኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ ነገሩ ስለከነከነኝ ብቻ ቤቴ ገብቼ ካቆሙበት ቀጠልሁ። በ211 ተረፈ፤ በ223ም ተረፈ። ስድስተኛው ሙከራዬ 239 ነበር። ምንም አልተረፈም፤ 4,649 ደረሰ። ሦስት ጊዜ አባዝቼ አረጋገጥሁ።

ጠዋት ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ቀላ።

«ማነው የሠራልሽ?»

«ራሴ ነኝ፣ መምህር።»

«ዩኒቨርሲቲ ያለው ወንድምሽ ነው።»

«እሱ የሚያጠናው ሕግ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። «ውጪ!» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ለሌላው ክፍል 239ን ራሳቸው እንዳገኙት አድርገው አስተማሩ።

በዚያው ወር አባቴ ከትምህርት ሊያስቀረኝ ወሰነ፤ ጨርቅ መሸጫ ሱቁን እንድይዝለት ፈለገ። መምህር ሳህሌ ይህን ሲሰሙ ቅዳሜ ሱቁ ድረስ መጡ።

«አቶ ወልዴ፣ ይህችን ልጅ ካስቀሯት እኔም ሰኞ አልገባም።»

«ታዲያ ምን ሊሠሩ ነው?»

«እዚሁ ጨርቅ እለካልዎታለኋ!»

አባቴ ሳቀና ተወው። ዛሬ አስተማሪ የሆንሁት በዚያ ቅዳሜ ምክንያት ነው። ሁለቱን ነገር በአንድ ሰው ላይ ማስቀመጥ አቅቶኝ አረጀሁ።

ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው «239ን ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ነግረውናል» አለ። ከእሱ በኋላ የተማረች ሴት ግን «ኧረ እኛንስ ‹አንዲት ልጅ በስድስት ሙከራ አሸንፋኛለች› ነው ያሉን» አለችው።

«ስሟን አልነገሯችሁም?» አልኋት።

«ጠይቀናቸው ነበር። ‹እሷ ታውቃለች› ብለው አለፉ።»

ምኑን ነው የማውቀው? ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ መንገድ ላይ ተገናኝተን ሰላም ተባብለናል፤ አንድም ቀን አላነሡልኝም። አፍረው ይሁን ንቀውኝ አልገባኝም። ለልጆች የነገሩትን ለእኔ መንገር ምን ይከብዳል?

እንግዲህ በሰላም ይረፉ፣ መምህር። ላመሰግንዎት ስል መውቀስ፣ ልወቅስዎት ስል ማመስገን ይመጣብኛል። ድንኳኑ ውስጥ ስለ እርስዎ እንድናገር ሲጠይቁኝ ተነሣሁ። «239ን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከትምህርት እንዳልቀር ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው» አልሁ። ከዚያ ባለቤትዎን ተሰናብቼ በመኪና ወልቂጤ ገባሁ።