ያልቀዘቀዘው ኩባያ

የታሰርኩበት ክፍል በአራት እርምጃ ያልቃል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ መስታወት በሌለው መስኮት ነፋሱ እንዳሻው ይገባል። ብዙም ሳልቆይ መቶ አለቃው ከቤቴ ያነሳውን የቆርቆሮ ኩባያ ይዞ መጣ።

ሊይዘኝ ሲገባ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ኩባያ አግኝቷል። የእንግዳዬን ሲነካው ሞቅ ብሎታል። እንግዳዬ በወቅቱ በጓሮ ወጥቶ፣ የጭሰኞች የጣት ፊርማ ያለበትን አቤቱታ በጉያው ይዞ፣ ወደ ደጋው ቡሌ የሚያወጣውን ዳገት በእግሩ ጀምሯል። ሽማግሌ ነው። ከተያዘ የፈረመው ሁሉ ይለቀማል። እኔ ግን፣ ከሩብ ሰዓት በፊት ባለፈው አውቶቡስ ወደ ሞያሌ ሄዷል ብዬ ዋሸሁ።

ጣቢያው ያለው አንድ ላንድሮቨር ነው፤ ወይ ወደ ሞያሌ ይወርዳል፣ ወይ ወደ ቡሌ ይወጣል።

"ቆርቆሮ ሩብ ሰዓት ሙቀት ይይዛል?" አለኝ መቶ አለቃው፣ ኩባያውን እያሳየኝ።

"ይይዛል።"

በማታ ትምህርት ያስተማርኩት ተቃራኒውን ነበር። የትኩስ ነገር ሞለኪውሎች ይራወጣሉ፤ ጎረቤታቸውን ይገፋሉ፤ የተገፋውም ቀጣዩን። በቆርቆሮ ውስጥ ግፊያው ፈጣን ስለሆነ ሙቀቱ ወዲያው ወደ ወለሉና ወደ ነፋሱ ያልፋል።

መቶ አለቃው ትኩስ ሻይ አስመጥቶ ኩባያውን ሞላና ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀዝቅዞ ካገኘው እንግዳዬ አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ በእግሩ ወጥቷል ማለት ስለሆነ መኪናው ወደ ቡሌ እንደሚወጣ ነግሮኝ፣ ዘበኛውን ትቶ ሄደ። እንፋሎቱ ሲሳሳ አየሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ልመና እስኪመሽ ብቻ እንዳይጠራ ነበር።

ዘበኛው የማታ ተማሪዬ ነው፤ ዝምተኛ የጌዴኦ ሰው። ኮሪደሩን አየና ኩባያውን አንስቶ ካፖርቱ ውስጥ ከደረቱ ጋር አጣበቀው። ሲያቃጥለው ከንፈሩን ነከሰ።

"ፈተናው ላይ ቆርቆሮ ሙቀት ትይዛለች ብዬ ጽፌ ሰርዘውብኛል፣ መምህር" አለኝ በሹክሹክታ።

"ሰርዣለሁ።"

"ዛሬ ትይዛለች።"

የቦት ጫማ ድምፅ ስንሰማ መልሶ አስቀመጠው። መቶ አለቃው ጣቱን ነከረና ሾፌሩን ጠራ። ላንድሮቨሩ ወደ ሞያሌ ወረደ። አውቶቡሱ ላይ ሽማግሌውን ሲያጣው የደረሰብኝን አልዘረዝርም፤ ዘበኛውን ግን ማንም አልጠረጠረውም። አቤቱታውም ቡሌ ገባ።

ስፈታ ዘበኛው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። የፈተና ወረቀቱ እስከ ዛሬ፣ በጡረታዬም፣ እኔው ዘንድ አለ። መልሱ አሁንም ስህተት ነው። በቀይ የሰረዝኩትን አልፋቅሁትም፤ ከጎኑ ግን ሙሉ ነጥብ ጽፌለታለሁ።