ፈቃድ የሌለው የልጄ መምህር

እኛ ቤት ሰው አይጠራም፤ ይነካል። ባለቤቴ ምናለሽ ተራ ገበያ ውስጥ በርሜል ቀጥቅጦ ምድጃ ይሠራል፣ እኔ ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ እሸጣለሁ። ግራና ቀኙ፣ ፊትና ኋላው መዶሻ ነው። እዚያ መሃል ሰውን በስሙ ልጥራ ማለት ጉሮሮን በከንቱ ማድረቅ ነው። ስለዚህ የፈለግነውን ሰው ሄደን ትከሻውን ነካ እናደርጋለን፤ ዋጋ በጣት እናሳያለን፤ የቀረውን ከአፍ ላይ እናነባለን። ልጄ ያደገችው እዚያው ነው። ቤት ስንገባም ልማድ ሆኖብን እንጮሃለን፤ እንግዳ ሲመጣ የተጣላን ይመስለዋል።

አንደኛ ክፍል በገባች ሰሞን፣ ሰፈራችን ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የክፍሏ መምህርት ወደ ግል ትምህርት ቤት ሄደችና ልጆቹ ያለ አስተማሪ ቀሩ። ሲተራመሱ ውለው ይመለሳሉ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር የለኝም። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ "ልጄን የላክኋት ትምህርት ቤት ነው ወይስ ገበያ? ገበያማ ደጄ ላይ አለ!" ብዬ ጮህኩበት። ትንሽ ቆይቶ አንድ ወጣት ተገኘ። በኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ልጅ ነው። የመምህርነት ሥልጠናም የሙያ ፈቃድም የለውም፤ ባለ ፈቃድ እስኪገኝ ተብሎ ገባ። እስኪገኝ፣ እስኪገኝ ሲባል ልጄን ሁለተኛ ክፍልም እሱ ያዛት።

ወደድኩት። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲናገር ለራሱ የሚያወራ ነው የሚመስለው። አለንጋ አይዝም፣ አይሳደብም፣ ፈገግታው ከፊቱ አይጠፋም። ልጄ እሱን ብላ ጠዋት ሳልቀሰቅሳት ትነሳ ጀመር። ሰሌዳው ላይ ያለውን ሁሉ አሳምራ ትገለብጣለች፤ ጽሕፈቷን ለጎረቤት ሳይቀር አሳይቻለሁ። እሱም "ጎበዝ ናት፣ ዓይን አፋር ሆና ነው እንጂ" ይለኝ ነበር። እንዳትሳቀቅብኝ ብሎ ጥያቄ አይጠይቃትም፤ ከኋላ በመስኮቱ በኩል፣ ማንም የማይረብሻት ቦታ አስቀምጧታል። ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ሰው ከየት መጣልን እል ነበር።

ከዚያ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ፈቃድ የሌላቸው መምህራን ይሰናበቱ ወይስ መምህር እስከጠፋ ድረስ መስፈርቱ ይላላላቸው፣ ሐሳብ ስጡ ተባልን። አዳራሹ ተቀወጠ። አንድ የአትክልት ተራ ነጋዴ ተነስቶ "መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው አይሱዙ ትሰጣላችሁ?" አለ። ከጎኔ ያለችው እናት "ሹፌር ከጠፋ እንግዲህ ቲማቲሙ እዚያው ይበስብስ?" አለችው። ተሳቀ። እኔም ብድግ ብዬ "ባለ ፈቃዷ ጥላን ሄደች፣ የደረሰልን ይሄ ልጅ ነው! ወረቀቱ ይቅርብን!" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ሌላ ክፍል የሚያስተምሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ መምህርት ብቻ "እኔም ልጁን እወደዋለሁ፤ ግን ደግነትና ማስተማር ለየቅል ነው" አሉ። ለእሳቸው ማንም አላጨበጨበም።

ስብሰባው ሳይቋጭ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ስወጣ ልጄ ሜዳው ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትጫወታለች። ሄጄ ትከሻዋን ነካ አደረግኋት። በዕድሜ የገፉት መምህርት ከኋላዬ ነበሩ።

"ለምን ከዚያው ሆነሽ አልጠራሻትም?" አሉኝ።

"እኛ ቤት እንዲህ ነው እትዬ። መዶሻ አለ፣ አይሰማም።"

"እዚህ እኮ መዶሻ የለም።"

ልጄን ወደ ጨዋታዋ መለሷትና በስሟ ጠሯት። ሌሎቹ ልጆች ዞሩ፣ እሷ አልዞረችም። ቀረብ ብለው ደገሙት። ከጀርባዋ አጨበጨቡ። አልዞረችም። ወጣቱ መምህር በረንዳው ላይ ቆሞ ያያል፤ ፊቱ አመድ መሰለ። "እኔ እኮ ዓይን አፋር መስላኝ ነው" አለ። መምህርቷ ደግሞ "ዝም የሚል ልጅ ካለ መጀመሪያ ጆሮውን ነው የምናየው፤ ስንሠለጥን ተነግሮናል" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ያሸነፈ ሰው ደስታ አልነበረም።

ሐኪሙ ጆሮዋ እየመገለ የከረመ ነው አለን። እኔ ብርድ ነው እያልኩ በጥጥ እጠርግላት ነበር። "ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ..." አለና ተወው። የጠፋው አይመለስም፣ የመስሚያ መሣሪያ ይረዳታል፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ግን ሊያስቸግራት ይችላል ብሎ አሰናበተን። ባለቤቴ ከሆስፒታሉ እንደወጣን ግንብ ተደግፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እኔ እንባም አልመጣልኝ።

ወጣቱ መምህር ሁለተኛውን ስብሰባ አልጠበቀም። ሱቃችን መጥቶ መዶሻው መሃል ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይቅርታ የምትለዋን አነበብኩለት። ልጮህበት ፈልጌ ነበር፣ ወላሂ። ግን እጁን ይዤ ከጎኔ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ሥራውን ለቅቆ ወደ አገሩ ገባ አሉ።

ክርክሩ ግን አላለቀም፤ በሬዲዮ ሳይቀር እሰማዋለሁ። ይላላ የሚለው ሲናገር የልጄ ጆሮ፣ ይጥበቅ የሚለው ሲናገር ያ አስተማሪ አልባ ክፍል ይመጣብኛል። ሁለቱም ያናድዱኛል፤ ልጅ ያላቸው አይመስሉም። ሁለተኛው ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ ሲባል አቀርቅሬ ተቀመጥኩ።

መሣሪያው እንደመጣ፣ አንድ እሁድ ገበያው ጭር ባለበት፣ ልጄ የደንብ ልብሷን ለብሳ ፊቴ ቆመች።

"ቲቸር ጋ ውሰጂኝ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ድምፁን ልስማው።"

ሁለት ዓመት ያስተማራት ሰው ድምፅ ምን እንደሚመስል አታውቅም። አገሩ ሄዷል አልኳት። "እሺ አንቺ እንደሱ አውሪልኝ" አለች። አፌን እንዳታይ ዓይኗን ጨፈነች፣ መሣሪያውን በጣቷ ደገፍ አደረገች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጎንበስ ብዬ፣ እሱ እንደሚያደርገው ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ጎበዝ ልጅ" አልኳት።

ዓይኗን እንደጨፈነች ትንሽ ጠበቀች።

"ጀምሪ እንጂ" አለችኝ።