የአዳኙ የጤና ወረቀት

ሽማግሌው ሥራ የጀመርኩ ሳምንት መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር ዞር ማለትን ነው። መኝታ ቤታቸው ጥግ ላይ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ የብረት ሣጥን ነበር። ሦስት ጠመንጃ አለበት። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ከባለቤቱ በቀር ማንም ማወቅ የለበትም፤ ሕጉ ነው። እኔ ደግሞ አብሬያቸው የምኖር ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ ሣጥኑን ሊከፍቱ ሲሉ፣ "አሎራ፣ ዞር በይ ልጄ" ይሉኛል፤ አሎራ በጣልያንኛ እንግዲህ ማለት ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ እመልሳለሁ። ከታች ትራሙ ሲያልፍ እያየሁ፣ ከኋላዬ መሳቢያ ሲሳብና የቆርቆሮ ክዳን ሲነሳ እሰማለሁ። ቁልፉ የሟች ሚስታቸው የመርፌና ክር ጣሳ ውስጥ እንደሆነ በሁለተኛው ቀን ገባኝ። እንደገባኝም ያውቁ ነበር። ያም ሆኖ አምስት ዓመት ሙሉ ዞር ስል ኖርኩ።

ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ነበሩ። ሥራ ስጀምር ሰባ አራት፣ ስንለያይ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ሚላኖ ትኖራለች። እኔ ከአዲስ አበባ መጥቼ ሮም ውስጥ ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ የሚዘጋ በር ያለው የራሴን ክፍል የሰጡኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ኮንትራቴ በስማቸው ነው፤ ፔርሜሶዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደሰው በኮንትራቴ ነው። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ በኋላ ያደረግሁትን ሳወራ ንጹሕ እንዳልመስል ብዬ ነው።

የሚያድኑት ካፕሪዮሎ የምትባለውን ትንሽ አጋዘን ነው። ከእኛ ሚዳቋ ብዙም አትበልጥም። አደን ሲባል እኔ የሚመስለኝ፣ ሰው ጠመንጃውን አንግቶ ጫካ ይገባና ያገኘውን ይመታል ነበር። ለካ እንዲያ አይደለም። ወንድ ይሁን ሴት፣ ግልገል ይሁን ያደገ፣ ቀድሞ ተወስኖ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ውጪ የመታ ይቀጣል። ጠመንጃው መነጽር የተገጠመለት መሆን አለበት። መንገድ ላይ ጥይቱ ወጥቶ፣ በማኅደሩ ተዘግቶ ነው የሚሄደው። ሰውየው ከሩቅ የሚታይ ብርቱካናማ ሰደርያ ይለብሳል። የወደቀችዋ አጋዘን ደግሞ ገና ከወደቀችበት ሳትነሳ፣ እግሯ ላይ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰርባታል። ሽማግሌው ዋዜማውን ዕቃውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ስሙን እያስጠሩኝ ይቆጥሩ ነበር። ሰደርያ፣ ማሰሪያ፣ መንጃ ፈቃድ የሚያህለው የአደን ወረቀት፣ ቢላዋ፣ ጓንት። የልብ ኪኒናቸውን የምጨምረው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ሁልጊዜ ይረሱታል። በማግስቱ ማለዳ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ጓደኛቸው በመኪናው ይመጣና ከሮም በስተሰሜን ወዳሉት ተራሮች ይዟቸው ይሄዳል።

መጀመሪያ ያመጡትን ሥጋ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፉት ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። በአራት ተከፍሎ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

"ጓንት አድርጊ፤ ማሞቂያውን አጥፊ፤ መስኮቱን ክፈቺ" አሉኝ። "ሥጋን የሚያበላሸው ሙቀት ነው።"

ሆድቃዋን እዚያው ተራራ ላይ ወዲያው ያወጡታል። ሳንባና ጉበቷን የእንስሳት ሐኪም ያየዋል። ከዚያ ጓደኛቸው ዘንድ ባለ ቀዝቃዛ ክፍል ጥቂት ቀን ተሰቅላ ትከርማለች። ጥይቱ የገባበትን ቦታ ዙሪያውን አንድ መዳፍ ያህል ቆርጠን እንጥላለን፣ ስባሪ ይቀርበታልና። ስቡም ይጣላል፣ ያገማዋል። ይህን ሁሉ እየነገሩኝ ቢላዋውን አነሱ፤ መገጣጠሚያውን ሁለት ጊዜ ሳቱት።

"ይስጡኝ" ብዬ ተቀበልኳቸው። በሰፈራችን ቅርጫ ሲኖር ብልት የሚያወጣው አባቴ ነበር፤ ትሪ ይዤለት ስቆም ያየሁት እጄ ላይ ቀርቷል። ወርቹን ለየሁ፣ ሽንጡን አወጣሁ፣ የኋላ እግሩን ሥጋ ሳልበጣጥስ ከአጥንቱ ገፈፍኩት። ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"የት ተማርሽ?"

"አገራችን ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ ይገዛና ይካፈላል። አባቴ ነበር የሚያካፍለው።"

"አዳኝ ነበር?"

"የለም፤ የሕንፃ ዘበኛ ነበር።"

ከዚያ ወዲህ ሥጋ ሲመጣ ቢላዋው የእኔ ሆነ። አንድ ቀን ቅመሺ አሉኝ። በሥላሴ ስም ያልታረደ እንደማልበላ ነገርኳቸው። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አውጥተው ብዙ ፈለጉና ዋላና ሚዳቋ ይበላሉ የሚለውን አሳዩኝ።

"ችግሩ እንስሳዋ ላይ አይደለም፤ አሟሟቷ ላይ ነው" አልኳቸው።

መጽሐፉን ከደኑ። "ቫ ቤኔ፣ እሺ፤ እሱስ እውነትሽን ነው" አሉ። ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

ከአደን በተመለሱ ቁጥር ልብሳቸውን አስወልቄ መዥገር እፈልግባቸው ነበር። በዚያ አገር ጫካ ያለው መዥገር በሽታ ያስይዛል፤ ነክሶ የከረመበት ቦታ ዙሪያው ቀይ ክብ ይሆናል። ብብታቸው ሥር፣ ከጉልበታቸው ኋላ፣ ከጆሯቸው ጀርባ በባትሪ አያለሁ፤ ያገኘሁትን በወረንጦ ከሥሩ ይዤ አወጣለሁ። እሳቸው ቆመው ስለ ነፋሱ አቅጣጫ ያወሩልኛል። የገዛ አባቴን ገላ እንዲያ አይቼ አላውቅም።

በአራተኛው ዓመት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ። ስደርስ ልብስ ማጠቢያው ሥር ተኝተዋል፣ ዓይናቸው ተገልጧል፣ እኔን ግን አያዩም። ወዲያው ነቁ። "ኪኒኑን በባዶ ሆድ ወስጄው ነው" አሉ። ከወር በኋላ ደግሞ ደረጃ ላይ። ሁለቱንም ጊዜ እጄን ይዘው፣ "ለልጄ አትንገሪ" አሉኝ። ሁለቱንም ጊዜ እሺ አልኩ። ልጃቸው ግን ባትሰማም ትፈራ ነበርና በስልክ ጨቀጨቀች፤ "አባቴ ተራራ የሚወጣ ከሆነ አንቺም አብረሽው ውጪ" አለችኝ። እንዲህ ሆኖ በጥር አንድ ማለዳ ብርቱካናማ ሰደርያ አጥልቄ አብሬያቸው ሄድኩ።

የሚያድኑት ከማማ ላይ ነው። አገራችን ማሽላ የሚጠበቅበትን ዓይነት፣ በእንጨት የተሠራ፣ መሰላል ያለው። ጓደኛቸው ወደ ሌላ ማማ ሄደና እኛ ሁለታችን ቀረን። መሰላሉን ሲወጡ ሦስት ጊዜ አረፉ። ከላይ ተቀመጥን። መስኩ ውርጭ ለብሷል። ጥይት አጉርሰው ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ብዙ ሳይቆዩ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወረደ። እንቅልፍ መስሎኝ ነበር። ከንፈራቸውን ሳይ ግን አመድ መስሏል።

ጠመንጃውን መንካት ለእኔ ክልክል ነው። ግን ይንሸራተታል። በአንድ እጄ እሳቸውን፣ በሌላው ጠመንጃውን ይዤ፣ አፈሙዙን ከጎናችን ወዳለ ዛፍ መልሼ ተቀመጥኩ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ሲነቁ መጀመሪያ ያዩት እኔን ሳይሆን መስኩን ነው። አንዲት ሴት ካፕሪዮሎ ወጥታ ቆማለች።

"ይተዉአት፤ አሞዎት ነበር" አልኩ።

ጠመንጃውን ከእጄ ወሰዱና ተኮሱ።

አልወደቀችም። ጀርባዋን አጉብጣ ወደ ቁጥቋጦው ገባች። ጓደኛቸው መጣና ደሟን እየተከተልን ሄድን። ደሙ ጠቆር ያለ ነበር፣ ፈርስም ነበረበት። ጅረት ዳር ተኝታ አገኘናት፤ በሕይወት አለች፤ ቀና ብላ አየችን። የገላገላት ጓደኛቸው ነው። ሆዷን ሲከፍተው ጥይቱ አንጀቷን በጣጥሶታል፤ ሥጋው እስከ ሽንጧ ድረስ ተበክሏል። የሚበላ ነገር አልነበረም። ሽማግሌው ተንበርክከው እንደ ሕጉ ማሰሪያውን እግሯ ላይ አሰሩ። ከዚያ እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጡ።

"እንዲህ መትቼ አላውቅም" አሉ። ለማን እንደሆነ አላውቅም። ጓደኛቸው ወደ መኪናው ሄደ።

በሚያዝያ የአደን ወረቀታቸው የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። ለዚያ የቤተሰብ ሐኪማቸው ጤነኛ ናቸው ብላ መፈረም አለባት። አዲስ ሸሚዝ ለበሱ፣ ጢማቸውን ተላጩ። ሐኪሟ ደግ ወጣት ሴት ነበረች። ግፊታቸውን ለካች፣ ልባቸውን አዳመጠች፣ ስለ ሁሉም ጠየቀቻቸው። ራስዎን ስተው ያውቃሉ ስትላቸው፣ "በጭራሽ" አሉ። ብዕሩን አነሳች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ሲኞራ፣ አብረዋቸው የሚኖሩት እርስዎ ነዎት። እንዲህ ያለ ነገር አይተው ያውቃሉ?"

ሽማግሌው አላዩኝም። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን እናገራለሁ። ያሰብኩት ስለ ማማው መሰላል ነው፤ ስለ ልጃቸውም ነው። ከሁሉ በፊት ግን ያሰብኩት ፔርሜሶዬ ሊያልቅ አራት ወር እንደቀረው ነው። ከዚያ በፊት ተራራ ላይ ቢሞቱ ኮንትራቴ አብሯቸው ይሞታል።

"አዎ" አልኩ። "ሦስት ጊዜ።"

ሐኪሟ ብዕሩን አስቀመጠች።

በአውቶቡስ ተመለስን። በማግስቱ ቁርስ ሳቀርብላቸው ስኒውን ሳይነኩ ጠየቁኝ። "ለእኔ ብለው ነው ወይስ ለፔርሜሶዎ?"

አንቱ አሉኝ። አምስት ዓመት "ልጄ" እና "አንቺ" ሲሉኝ ኖረው አንቱ አሉኝ። ለሁለቱም ነበር፤ እኔ ግን ዳቦውን ቆረጥኩላቸው። ስኒውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው ተነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሲኞራ ነበርኩ።

ፈቃድ የሌለው ሰው ጠመንጃ ቤቱ ማኖር አይችልም። ካራቢኒዬሪ የሚባሉት ሁለት ፖሊሶች ወረቀት ይዘው መጡ፤ ትሑቶች ነበሩ። ሽማግሌው በእኔ ፊት የመርፌውን ጣሳ ከፍተው ቁልፉን አወጡ። ዞር በይ አላሉኝም። ሦስቱን ጠመንጃ አንድ በአንድ እያወጡ፣ ጥይት እንደሌለበት እያሳዩ፣ ቁጥሩን ራሳቸው እያነበቡ አስረከቡ። ከፈረሙ በኋላ ሣጥኑን ክፍት ትተውት ወደ አልጋቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ቶሎ ይነገራል። አደን ባይኖርም እግራቸው እንዲጠና በየቀኑ እስከ ገበያው ይሄዱ ነበር፤ ያንን ተዉ። ቀጥለው ደረጃውን ተዉ። ጓደኛቸው ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱም ስለ አደን ላለማውራት ሲጠነቀቁ የሚያወሩት አጡ። ሦስተኛ አልመጣም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ከባለፈው ዓመት የቀረ አንድ ሽንጥ ነበር። እሳቸው በሚወዱት መንገድ ሌሊቱን በቀይ ወይን ዘፍዝፌ ሠራሁላቸው። ሽታውን እንኳ ይወዱት ነበር። ሳህኑን አዩት።

"ጥሩ ቆርጠውታል" አሉኝ። አልበሉትም።

ኮንትራቴ የቆመልኝ መስሎኝ የነበረው በእሳቸው ሕይወት መኖር ነበር። በሕይወት እያሉ እንደሚያልቅ አላሰብኩም። በሐምሌ ልጃቸው መጣች። አባቷን አይታ ኩሽና ውስጥ አለቀሰች፤ እውነቱን ስለተናገርኩ አመሰገነችኝ፤ እዚያው ቆማ ሚላኖ አጠገብ የአረጋውያን ቤት እንዳገኘችላቸው ነገረችኝ። ፔርሜሶዬ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ያን ስነግራት በእውነት አዘነች። ማዘኗ ግን ለማደሻ የሚሆን ወረቀት አይደለም።

በሄዱበት ቀን ካልሲያቸውን ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ። ጎንበስ ባልኩበት፣ "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"ሐኪሟ ባትጠይቅዎ ኖሮ" አሉ፣ "እኔ በመጸው እሞት ነበር። እዚያ ማማ ላይ። አውቀው ነበር።"

"እኔም አውቀው ነበር" አልኩ።

"እንግዲያው ምን ይቅር ልበልዎ?" አሉ፤ ጫማቸውን እንዳደርግላቸው እግራቸውን ዘረጉልኝ።

አሁን ኦስቲያ ባሕር ዳር የመዋኛ ልብስ መቀየሪያ ክፍሎችን አጸዳለሁ። ሥራው የሦስት ወር ነው፣ ኮንትራት የለውም፤ ፔርሜሶም አያሳድስም። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል እኖራለሁ። አንዷ ዘመዷ የምትንከባከበው ሌላ ሽማግሌ እንደሚፈልግላት ስትነግረኝ፣ ለእኔም ንገሪልኝ ማለት አቃተኝ።

ልጃቸው የደወለችልኝ ወደ ኦስቲያ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ሆኜ ነው። አባቷ ማክሰኞ ዕለት አርፈዋል፤ ተቀብረዋልም። በመጨረሻው ወር ማንንም አያውቁም ነበር አለች። ነፍስ ይማር አልኩ በአማርኛ፤ ምን እንዳልኩ አልጠየቀችኝም። ስልኩ ተዘጋ። ባቡሩ ቆመ፤ ሰዎች ጃንጥላና ፎጣቸውን ይዘው ወረዱ። እኔም ወረድኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።